መርማሪና ረዳት ያሉበት ተከታታይ የወንጀል ልቦለድ እንዴት እንደሚጻፍ

ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከመርማሪው ነው። ልዩ ኮት ያለብሰዋል፣ ሰው የማይችለው ጠባይ ይሰጠዋል፤ ረዳቱን ግን «እንዴት አወቅህ?» እያለ እንዲጠይቅ ብቻ ይተወዋል። አንድ መጽሐፍ በዚህ ይገፋል። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ይነጥፋል። የመርማሪው ብልሃት ለአንባቢ የሚደርሰው በረዳቱ ዐይን ነውና፣ ረዳቱ ባዶ ሲሆን ብልሃቱም ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ ከረዳቱ እንነሳ። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ ረዳቱን ይፍጠሩ

ተራኪው ረዳቱ ይሁን። መርማሪው «እኔ» እያለ ከተረከ አጣብቂኝ ነው፦ የሚያስበውን ከነገረን ምስጢሩ ገና ካጋማሹ ያልቃል፣ ከደበቀን ደግሞ አንባቢው ተታለልኩ ይላል። ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ባወጣው ታሪክ የመርማሪውን ሥራ የሚተርከው ስሙ እንኳ የማይነገር ወዳጁ ነው። አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ለሸርሎክ ሆልምስ ተራኪ ስም፣ ሙያና የጦር ሜዳ ቁስል ጨመረለት፤ ዶክተር ዋትሰን ተወለደ።

ለረዳቱ ሦስት ነገር ይወስኑ። መርማሪው የሌለው ሙያ ይኑረው፤ ዋትሰን ሐኪም ነው። ከመርማሪው ጋር የሚያቆየው ተራ ምክንያት ይኑረው፤ ዋትሰንንና ሆልምስን ያገናኛቸው የቤት ኪራይ መጋራት ነው። መርማሪው የማያደርገውን አንድ ነገርም ይቻል፦ የሬክስ ስታውት መርማሪ ኔሮ ዎልፍ ለሥራ ብሎ ከቤቱ አይወጣም ማለት ይቻላል፤ ደጅ ወጥቶ ሰው የሚያነጋግረው፣ የሰማውንም ቃል በቃል ይዞ የሚመለሰው አርቺ ጉድዊን ነው።

የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊው ሮናልድ ኖክስ በ1929 ለመርማሪ ታሪክ ካወጣቸው አሥር ደንቦች አንዱ ስለ ረዳቱ ነው፦ በልቡ ያለፈውን ሐሳብ ከአንባቢ አይደብቅ፤ ብልህነቱም ከመካከለኛ አንባቢ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ብቻ ይነስ። «በጣም በጥቂቱ» የምትለዋን ብዙዎች ይዘሏታል። ሞኝን መብለጥ ግን ማንንም ሊቅ አያሰኝም።

2. ወንጀሉን ከመጨረሻው ይጻፉ

ምዕራፍ 1ን ከመጀመርዎ በፊት እውነቱን ብቻ በሁለት ገጽ ያስፍሩ፦ ማን፣ ለምን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በር። ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ይመዝግቡ። በኋላ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ገዳዩ በአንድ ደቂቃ ሁለት ቦታ ቆሞ ይገኛል። ተጠርጣሪዎቹ ከ4 እስከ 6 ይሁኑ፤ ካነሱ ይገመታል፣ ከበዙ ስም ይምታታል። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይዋሹ፤ ግድያውን የሚሸፍነው ግን የአንዱ ውሸት ብቻ ይሁን። የቀሩት ውሸቶች አሳሳች ፍንጭ ሆነው ያገለግላሉ፣ ሌላ ማሳሳቻ ፍለጋ መሄድ የለም።

3. ፍንጩን ለሁለት ይክፈሉ

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ሞቶ ተገኝቷል እንበል። አጠገቡ በእጁ የተጻፈ የሚመስል የስንብት ደብዳቤ አለ፤ ሁሉም ራሱን እንደገደለ አምኗል። እውነቱ ግን ሟቹ ያለ መነጽር መጻፍ አይችልም፤ መነጽሩ ደግሞ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው።

ይህን በአንድ ገጽ ካስቀመጡት አንባቢው ወዲያው ይደርስበታል። ስለዚህ ግማሹን ምዕራፍ 3 ላይ ያድርጉት፦ የእህቱ ልጅ ስለ ሟቹ ስታወራ «መነጽሩን የረሳ ቀን ደረሰኝ እንኳ የማነብለት እኔ ነበርኩ» ትልና ታለቅሳለች። አንባቢው የሚያስታውሰው ለቅሶውን ነው። ሌላው ግማሽ ምዕራፍ 7 ላይ፣ ረዳቱ ካፖርቱን ሲፈትሽ ይመጣል፦

«ኪሱ ውስጥ ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ከነማኅደሩ መነጽር፣ ሁለት የቲያትር ትኬት አገኘሁ። ሁለት! ብቸኛ ሰው ነው ተብለን አልነበር?»

መነጽሩ ዝርዝሩ መሀል ተቀብሯል፤ ትኬቱ ደግሞ ይጮኻል። ረዳቱ ወደ ትኬቱ ይሮጣል፣ አንባቢም ይከተለዋል። ረዳቱ አልዋሸም፣ የደበቀውም ነገር የለም፤ አይቶ አለፈው እንጂ። (ትኬቱ ግን በኋላ የራሱን መልስ ማግኘት አለበት። ተንጠልጥሎ የቀረ ትኬት አንባቢን ያስቀይማል።)

ገዳዩን ለሚያጋልጠው ዋና ነጥብ በተለያዩ ምዕራፎች ሦስት ፍንጭ ያስቀምጡ፤ አንዱ ሳይታይ ያልፋል፣ አንዱ ይረሳል። የመጨረሻው ፍንጭ ከመፍትሔው ቢያንስ ሁለት ምዕራፍ ይቅደም።

4. ዝምታው ምክንያት ይኑረው

መርማሪው ገዳዩን ምዕራፍ 8 ላይ ካወቀ እስከ 12 ምን ያስጠብቀዋል? «ጊዜው ሲደርስ ትሰማለህ» ማለቱ አይበቃም፤ በመሀል ሌላ ሰው ከተገደለማ መርማሪው ራሱ ተጠያቂ ይሆናል። ማስረጃው ፍርድ ቤት ላያቆም ይችላል። ወይም የረዳቱ ፊት ምስጢር አይችልም፤ ይህኛው ጠባዩን ስለሚያሳይ የተሻለ ነው። አንዱን ምክንያት በየመጽሐፉ መደጋገም ግን ያሰለቻል።

5. መዝገብ ይያዙ

ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ አንድ ደብተር ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ፦ ሙሉ ስም፣ ጠባሳ፣ ዘመድ፣ የቤት ቁጥር፣ ይህ የተጠቀሰበት መጽሐፍና ገጽ። ዋትሰን በ1887ቱ መጽሐፍ የቆሰለው ትከሻውን ነው፤ በ1890ው ግን የሚያመው እግሩ ሆኗል። ስሙ ጆን ሆኖ ሳለ በ1891 በወጣ ታሪክ ሚስቱ ጄምስ ብላ ትጠራዋለች። ለዶይል ይህ የአድናቂዎች ጨዋታ ሆነለት፤ ለጀማሪ ግን ስህተት ተብሎ ነው የሚቆጠረው።

ዕድሜንም አስቀድመው ይወስኑ። አጋታ ክሪስቲ ሄርኩል ፖዋሮን በ1920 ስታስተዋውቀው ከፖሊስነት ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ መጻሕፍቱ ግን እስከ 1975 ወጡ። ይህ ስህተት እንደነበር በኋላ ራሷ ጽፋለች። ስታውት ከ1934 እስከ 1975 ዎልፍንና አርቺን ሳያስረጅ ዙሪያቸውን ብቻ እየለወጠ ጻፈ። ይህን መንገድ ከመረጡ የልደት ዓመት የሚባል ነገር የትም አያስገቡ።

መርማሪውን መግደል ካሰኘዎት ደግሞ ዶይልን ያስታውሱ። በ1893 ሆልምስን ገደል ሰደደው፤ በ1903 ከሞት መለሰው። ያቀለለለት አስከሬኑ አለመታየቱ ነው።

6. መጨረሻውን ገንጥለው ያስነብቡ

ረቂቁን ያለ መጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ለሦስት ሰው ይስጡ። ማንን እንደጠረጠሩ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደጠረጠሩ እነሱው ኅዳጉ ላይ ይጻፉ። ሦስቱም ከአጋማሹ በፊት ገዳዩን ካገኙት ፍንጮቹ ገና አልተቀበሩም። ማንም ካላገኘው መፍትሔውን ይስጧቸውና አጠገባቸው ይቀመጡ። ወደ ኋላ ገልጦ ያንን ኪስ የሚፈልግ ካለ ሠርቷል። «ይሄ መቼ ተባለ?» ካሉ ወደ ምዕራፍ 3 ይመለሱ።