ከእንግሊዝኛ ወደ ላትቪያኛ በአማርኛ በኩል፦ የዕለት ተዕለት ቃላትንና ፈሊጦችን ለሚተረጉሙ

የላትቪያ ዋና ከተማ የሪጋ ማዕከላዊ ገበያ ቀድሞ የአየር መርከብ ማቆያ ከነበሩ ግዙፍ አዳራሾች ተሠርቶ በ1930 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ በበረዶ ወራት በሩ አጠገብ የቆመ ሰው ብርዱ እስከ አጥንቱ ይሰማዋል። እዚያ ቆሜ ዳቦ ስገዛ «በርዶኛል» ለማለት ፈለግሁና፣ በሐሳቤ የነበረውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ገልብጬ ለሻጯ «ኤስ ኤስሙ አውክስትስ» አልኳቸው። ሴትዮዋ የእጄን ጀርባ ነካ አድርገው «እውነት ነው፣ ቀዝቅዘሃል» በማለት ሳቁ። ያልኩት «እኔ ቀዝቃዛ ነኝ» ነበር፤ እንደ ብረት፣ ወይም ፍቅር እንደሌለው ሰው ማለት ነው። ትክክለኛው «ማን ኢር አውክስቲ» ሲሆን፣ ቃል በቃል «ለእኔ ብርድ ነው» እንደ ማለት ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ በዚህ መሳሳቴ የሚያሳፍር ነበር፤ እኛም እኮ «በረደኝ» እንላለን እንጂ «ቀዝቃዛ ነኝ» አንልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ወደ ላትቪያኛ አለመውሰድ ነው። ላትቪያኛ ከሊትዌኒያኛ ጋር የሚዛመድ የባልቲክ ቋንቋ ስለሆነ በዘር ከአማርኛ ጋር አይገናኝም፤ ሆኖም ስሜትን፣ ንብረትንና ግዴታን በሚናገርበት ጊዜ አወቃቀሩ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወደ እኛ ይጠጋል። እንግሊዝኛውን አንብበው በአማርኛ እንዴት እንደሚሉት ራስዎን ይጠይቁ፤ የአማርኛው ግስ በ«ኝ» የሚያልቅ ከሆነ ላትቪያኛው በ«ማን» የመጀመሩ ዕድል ሰፊ ነው። ይህ «ማን» የእኛው መጠይቅ አይደለም፤ «ለእኔ» ማለት ነው።

«አለኝ» ሲሉ «ማን ኢር»፣ «ያስፈልገኛል» ሲሉ «ማን ቫያግ»፣ «ይመስለኛል» ሲሉ «ማን ሽኪየት» ይሆናል። «ደስ ይለኛል» ወይም «እወዳለሁ» የሚለውን «ማን ፓቲክ» ይተካዋል፤ እዚህ ላይ የሚወደደው ነገር ባለቤት፣ ወዳጁ ደግሞ ተቀባይ ነው። «ጠማኝ» «ማን ስላፕስት» ነው፤ «ተሳካልኝ» «ማን ኢዝዴቫስ»፤ «መሄድ አለብኝ» ደግሞ «ማን ያኢየት»። ከሁሉ የገረመኝ «ማን ናክ ሚየግስ» የሚለው ነው፤ እንግሊዝኛው ሰውየውን «እንቅልፋም» በሚል ቅጽል ሲገልጸው፣ ላትቪያኛው ልክ እንደ እኛ «እንቅልፍ መጣብኝ» ይላል። ሰው ሲለወጥ «ማን» በ«ቴቭ» (ለአንተ፣ ለአንቺ)፣ በ«ቪኛም» (ለእሱ)፣ በ«ቪኛይ» (ለእሷ)፣ በ«ሙምስ» (ለእኛ) ወይም በ«ዩምስ» (ለእናንተ፣ ለእርስዎ) ይተካል።

የእንግሊዝኛው ውስን መስተአምር፣ ማለትም ከስም በፊት የሚቆመው «the»፣ ተማሪዎችን ሲያስጨንቅ አያለሁ፤ ላትቪያኛ ለብቻው የቆመ መስተአምር ስለሌለው ብዙዎች ዝም ብለው ይሰርዙታል። ነገር ግን ከስሙ በፊት ቅጽል ካለ ውስንነቱ በቅጽሉ መጨረሻ ላይ ይገለጻል፦ «ሊየልስ ጋልድስ» ትልቅ ጠረጴዛ፣ «ሊየላይስ ጋልድስ» ደግሞ ትልቁ ጠረጴዛ ነው። እኛም «ትልቁ» ብለን ምልክቱን በቅጽሉ ላይ እንጂ በጠረጴዛው ላይ አናስቀምጥምና፣ ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ረዥም የሰዋስው ምዕራፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

በአማርኛ በኩል መዞሩ ግን ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም በዘዴው ከተማመነ በኋላ ነው። «ደከመኝ» ስለምንል በ«ማን» ልንጀምረው ይዳዳናል፤ ላትቪያኛ ግን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር ወግኖ «ኤስ ኤስሙ ኑዎጉሪስ» ይላል፤ ተናጋሪዋ ሴት ከሆነች «ኑዎጉሩሲ» ትላለች። «ራበኝ» የሚለውም እንዲሁ «ኤስ ኤስሙ ኢዝሳልትሲስ» ወይም ለሴት «ኢዝሳልኩሲ» ነው፤ ሆኖም «መብላት አሰኘኝ» ከተባለ «ማን ግሪባስ ኤስት» ተብሎ «ማን» ይመለሳል። «ራሴን አመመኝ» በ«ማን ሳፕ ጋልቫ» ሲተረጎም «ራስ» የሚለው ቃል «የእኔ» የሚል አገናዛቢ አይጨመርበትም፤ የታመመው የማን ራስ እንደሆነ «ማን» አስቀድሞ ተናግሯልና። በአሉታ ጊዜ ደግሞ የሚጎድለው ነገር መጨረሻውን ይለውጣል፦ ጊዜ «ላይክስ» ነው፤ «ጊዜ የለኝም» ግን «ማን ናቭ ላይካ»። «ናፈቅኸኝ» የሚለው «ማን ቴቪስ ፒየትሩክስት» ሲሆን ቃል በቃል «አንተ ጎደልክብኝ» እንደ ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛውን ግስ በመዝገበ ቃላት ፈልጎ «አውቶቡስ አመለጠኝ» ለማለት የሚያገለግለውን ግስ እዚህ የሚያስገባ ተርጓሚ ናፍቆቱን ያበላሸዋል።

ነጠላ ቃላት ላይ ስንደርስ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በላትቪያኛ ስንት ቦታ እንደሚከፈል አስቀድሞ መመርመር ይገባል። «ማወቅ» የተባለው ግስ ነገርን ለማወቅ «ዚናት»፣ ሰውን ለማወቅ «ፓዚት»፣ ሙያን ለመቻል «ፕራስት» ይሆናል፤ አማርኛም «አወቀ» በሚለው አንድ ግስ ስለሚጠቀልለው እዚህ የራሳችን ቋንቋ አይረዳንም። «መሄድ» በእግር ከሆነ «ኢየት»፣ በተሽከርካሪ ከሆነ «ብራውክት» ነው፤ ከሪጋ ወደ ሌላ ከተማ «ኢየት» ብሎ የጻፈ ሰው ተጓዡን በእግሩ ያስኬደዋል። በተቃራኒው እንግሊዝኛው ሁለት ቃል የሚያባክንበት ቦታ አለ፦ «ሩዎካ» እንደ እኛው «እጅ» ከትከሻ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ይይዛል፣ «ካያ» እንደ «እግር» ነው፣ «ፒርክስትስ» ደግሞ የእጅም የእግርም ጣት ነው።

የጨዋነት ቃላት በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ሉድዙ» እንደ ሁኔታው «እባክዎ»ም፣ «ምንም አይደል»ም፣ ዕቃ ሲያቀብሉ «ይኸውልዎ»ም ይሆናል። «ፓልዲየስ» ማለት «አመሰግናለሁ» ሲሆን፣ «እግዚአብሔር ይርዳ» ከሚል ሐረግ የተጨመቀ ቃል ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ላደገ ሰው የቤት ያህል ይሰማል። የእንግሊዝኛው የይቅርታ ቃል ግን የሰው እግር የረገጠውንም ለቅሶ የደረሰውንም በአንድ ያስተናግዳል። የመጀመሪያው ሰው «አትቫይኑዎዪየት» ይበል፤ ሐዘንተኛ ፊት የቆመው ግን «ኢዝሳኩ ሊድዝዩቲቡ» ማለት ይኖርበታል፤ አለዚያ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሚባልበት ቦታ «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» ያለ ይመስላል። «አንተ»ንና «እርስዎ»ን እንግሊዝኛ አይለይም፤ ላትቪያኛ «ቱ» እና «ዩስ» ብሎ ይለያል፤ በደብዳቤ ላይ ለአክብሮት የተነገረው «ዩስ» በትልቅ ፊደል ይጀመራል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህን እንረሳዋለን። «ቱ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ጾታው የሚወጣው ቆይቶ ነው፦ «በልተሃል?» ለማለት «ቫይ ቱ ኤሲ ኤዲስ?»፣ «በልተሻል?» ለማለት «ቫይ ቱ ኤሲ ኤዱሲ?»። ስለዚህ የሚጠየቀው ወንድ ይሁን ሴት በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ የግድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። ቃላቱን በግዕዝ ፊደል ያሰፈርኩት ለጆሮ እንዲቀርቡ ብቻ ነው። «ሽ»፣ «ዥ»፣ «ች» እና «ኝ» ላትቪያኛም ስላሉት ፊደላችን በዚህ በኩል ይመቻል፤ የአናባቢ ርዝመትን ግን አያሳይም። አጭሩ «ካዛስ» ፍየሎች ሲሆን፣ የመጀመሪያው «ካ» ሲረዝም ሠርግ ይሆናል። «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ሁለት ቃል መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ አደጋው ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ ላትቪያኛ ርዝመቱን በፊደሉ ራስ ላይ በሚሰመር ጭረት መጻፉ ነው። ያንን ጭረት «ጌጥ ነው» ብሎ የሚተው ተርጓሚ አንድ ቀን ፍየሎቹን ይድራል።

ፈሊጥ ከሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሥዕሉን ይጣሉት፣ ሥራውን ይያዙት። እንግሊዝኛው «ድመትና ውሻ ይዘንባል» ሲል ሥራው «ዶፍ ወረደ» ማለት ነው፤ ላትቪያኛው «ሊስት ካ ኑዎ ስፓይኛ» ብሎ ከባልዲ እንደሚፈስ ይናገራል። እንግሊዝ «አሳማ በከረጢት» ሳያይ ሲገዛ ላትቪያዊ «ፒርክት ካኪ ማይሳ» ብሎ ድመት ይገዛል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የምንገድለውን፣ ላትቪያዊው በአንድ ተኩስ ሁለት ጥንቸል ይጥላል። መልካም ዕድል ሲመኙ እንግሊዞች ጣታቸውን ያቆላልፋሉ፤ እዚህ «ቱሩ ኢክሽኩስ» ተብሎ አውራ ጣት ይያዛል። መድረክ ለሚወጣ ሰው «እግርህን ስበር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ምርቃት በቀጥታ የተረጎመ እርግማን ያስተላልፋል፤ «ይቅናህ» ለማለት «ኔ አሳካስ» አለላችሁ፤ ትርጉሙ «የዓሣ አጥንት እንኳ አይኑር» ሲሆን ከአጥማጆች ቤት የወጣ ይመስላል።

የማይሆን ነገርን እንግሊዝኛው «አሳማ ሲበር» እያለ ይቀጥራል። ላትቪያኛው «ካድ ፑትሴይ አስቴ ዚየዴስ» ይላል፤ የጉጉት ጅራት ሲያብብ ማለት ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ከአሳማው ይልቅ ወደድኩት፤ አሳማ እንኳ በአውሮፕላን ተጭኖ ይበራል። በድሎት የሚኖረውን ሰው «ካ ኒየሬ ታውኩዎስ» ይሉታል፤ በሞራ ውስጥ እንዳለ ኩላሊት ማለት ነው፤ በግ ሲታረድ ቆሞ ያየ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ የማይፈልግበት ሥዕል ነው። ወሬ የሚያጋንነው ሰው ደግሞ «ፑስት ፒሊቴስ» ይባላል፤ ትንንሽ ዳክዬዎችን ይነፋል ማለት ነው። የእኛ ሰው ቱልቱላውን ይነፋል፤ የእነሱ ዳክዬዎችን። እንግሊዝኛው ውስጥ ፈሊጥ ባይኖርም እንኳ «ተራ ውሸት ነው» የሚል ጨዋታዊ ንግግር ካጋጠመ ይህን ማስገባት ይቻላል፤ የፍርድ ቤት ሰነድ ውስጥ ግን አይገባም። «ኤይ ቤኩዎት»፣ ማለትም «ሂድ እንጉዳይ ልቀም»፣ ሰውን ከፊት ለማባረር የሚነገር ስለሆነ ለእኩያ እንጂ ለታላቅ አይባልም።

ለቴክኖሎጂ ቃላት የእንግሊዝኛውን ድምፅ ይዞ ከመግባት በፊት አገር በቀል ቃል መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ላትቪያውያን ቃል መፍጠር ይወዳሉና። ኮምፒውተር «ዳቶርስ» ነው፤ ስማርት ስልክ «ብልኅ» ከሚል ቃል ጋር ተጣምሮ «ቪየድታልሩኒስ» ይባላል፤ የማይፈለግ የኢሜይል መልእክት ደግሞ ቆሻሻንና ደብዳቤን አዋህዶ «ሜስቱሌ» ተብሏል። በአንጻሩ የሚያውቁት የሚመስል ቃል ሊያታልልዎ ይችላል፦ «ማይዜ» በቆሎ ሳይሆን ዳቦ ነው፣ «ጊምናዚያ» የስፖርት አዳራሽ ሳይሆን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ «ኖቬሌ» አጭር ልብ ወለድ ሲሆን ረዥሙ «ሮማንስ» ይባላል።

ለማጣሪያ «ቴዛውርስ» የተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺ በላትቪያኛ ከመስጠቱም በላይ መጨረሻው እንዴት እንደሚለዋወጥ በሠንጠረዥ ያሳያል። ላትቪያኛ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ስለሆነ የኅብረቱን ሕጎች ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል፤ ለቢሮ ቃላት ይጠቅማል፣ ለገበያና ለማዕድ ቤት ወሬ ግን አይሆንም። ጽሑፉ ሲያልቅ ለአንድ ላትቪያኛ ተናጋሪ ጮክ ብለው ያንብቡለት። «ትክክል ነው?» ብለው ከጠየቁት ስሕተት ካልሰማ «አዎ» ብሎ ያልፋል። «አንተ ብትሆን ለእናትህ በስልክ እንዲህ ትላቸው ነበር?» ይበሉትና ሲያመነታ የቆመበትን ዓረፍተ ነገር ምልክት ያድርጉበት።