የፖሊስ ቬስት ግማሽ ዋጋ ከፌዴራል መንግሥት ለማስመለስ፦ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሒሳብ ክፍል

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተዳደር ሒሳብ ክፍል ነው። ሽጉጥ ነክቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ፖሊሶቻችን በየቀኑ የሚለብሱት የጥይት መከላከያ ቬስት ግማሽ ዋጋው የሚመለሰው በእኔ ጠረጴዛ በኩል ነው። በከተማ፣ በካውንቲ ወይም በሸሪፍ ጽሕፈት ቤት የሒሳብና የግዢ ሥራ የያዛችሁ ሐበሾች ጥቂት አይደላችሁም። አንድ ቀን አለቃችሁ “ይህን ግራንት አንተ ያዘው” ብሎ ፋይሉን ሲያቀብላችሁ እንዳትደናገጡ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ግራንት (የመንግሥት የድጋፍ ገንዘብ) ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ልብ የሚነካ ማመልከቻ ነው። የቬስቱ ግራንት እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አይጠይቅም፤ የሚያምር እንግሊዝኛ ብትጽፉ የሚያነበውም የለም። የሚጠየቀው የፖሊሶቻችሁ ቁጥር፣ የቬስቱ ዋጋ፣ በሥራ ላይ ያለ የአለባበስ ደንብ፣ በኋላም ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ሥራው ለጸሐፊ ሳይሆን ቀን ለሚቆጥር ሒሳብ ሠራተኛ የሚመች ነው።

ፕሮግራሙ በምህጻር ቢቪፒ ይባላል፤ የሚያስተዳድረውም በፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው ቢጄኤ የተባለው ቢሮ ነው። በ1997 በኒው ሃምፕሻየርና በቨርሞንት ወሰን ላይ አንድ ታጣቂ ፖሊሶችንና ሲቪሎችን ከገደለ በኋላ የቨርሞንቱ ሴናተር ፓትሪክ ሌሂና የኮሎራዶው ቤን ናይትሆርስ ካምቤል ሕጉን አቀረቡ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በጁን 1998 ፈረሙበት። በ2019 ፕሮግራሙ ቋሚ ሆኖ በሌሂ ስም ተሰየመ። ይህን ታሪክ ለምክር ቤት አባላት በሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ይጠቅማል፤ “ዘንድሮ ኖሮ ከርሞ የሚጠፋ ገንዘብ አይደለም ወይ?” ብለው መጠየቃቸው አይቀርምና።

ቀድሞ የሚሠራው

ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በጸደይ ይከፈትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዘጋል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የሚሞላው ቅጽ አጭር ነው፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ሳም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሁሉ በሳም ድረ ገጽ ተመዝግቦ ዩኢአይ የሚባለውን መለያ ቁጥር ይይዛል። ምዝገባው በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ካልታደሰ ክፍያው ይቆማል። እኔ የማደሻውን ቀን በኮምፒውተሬ ካላንደር ላይ ሁለት ወር አስቀድሜ አስገብቼዋለሁ፤ የከተማው ሕጋዊ ስም ወይም አድራሻ በአንድ ፊደል ከሰነዱ ቢለይ ማጣራቱ ጊዜ ይበላል። ሌላው ችግር የመግቢያ ስሙ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ኢሜይል ላይ ተመዝግቦ የቀረ አካውንት ማስመለስ ከማመልከቻው ራሱ የከበደ ጣጣ ነው። ከተቻለ ሁለት ሰው ይመዝገብ።

አመልካቹ ፖሊስ ጣቢያው ሳይሆን ከተማው ወይም ካውንቲው መሆኑን አትርሱ። ክፍለ ግዛቶችና በፌዴራል መንግሥት የታወቁ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አስተዳደሮችም ማመልከት ይችላሉ። ፖሊስ ጣቢያው የሚያስፈልገውን ይናገራል፤ በከተማው ስም የሚያቀርበው ግን አስተዳደሩ ነው። አዛዡና የሒሳብ ክፍሉ በማይነጋገሩበት ቦታ ይህ ግራንት አይሠራም።

ደንቡ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከ2011 የበጀት ዓመት ጀምሮ ዩኒፎርም የለበሱ ፖሊሶች በሥራ ላይ ሳሉ ቬስት እንዲለብሱ የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብ የሌለው ከተማ ገንዘቡን አያገኝም። ደንቡ ማመልከቻው በሚገባበት ጊዜ በሥራ ላይ መሆን አለበት። “እናወጣለን” አይበቃም፤ ልማድም አይበቃም። “የእኛ ልጆች እንደሆነ ሁልጊዜ ይለብሳሉ” የሚል አዛዥ ያጋጥማችኋል። ይልበሱ፤ ወረቀቱ የት አለ? ቀኑስ? ፊርማውስ? ማመልከቻው ከገባ በኋላ የተፈረመ ደንብ ይዞ መሟገት “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” ነው።

ደንቡ አስገዳጅ ይሁን እንጂ ቢጄኤ ቃል በቃል እንዲህ ብላችሁ ጻፉ አይልም። ዓለም አቀፉ የፖሊስ አዛዦች ማኅበር ያዘጋጀው ናሙና ስላለ ከባዶ መነሳት አያስፈልግም። እኔ የምመክረው አጭር ደንብ ነው፦ ማን ይለብሳል፣ መቼ፣ ማን ይቆጣጠራል፣ ሐኪም የከለከለው ወይም በሲቪል ልብስ የተሰማራ ፖሊስ እንዴት ይስተናገዳል። የልዩ ሁኔታ ዝርዝር በረዘመ ቁጥር ግዴታነቱ እየላላ ይሄዳል። በጁላይ ሙቀት ቬስቱን አውልቀው መኪና ውስጥ የሚጥሉ ነባር ፖሊሶች ቅሬታ ማቅረባቸው አይቀርም፤ ክርክሩን ግን አዛዡ ይያዘው። የእናንተ ድርሻ የተፈረመበትን ቅጂ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ስንት ቬስት፣ በስንት ዶላር

ቢቪፒ የሚሸፍነው እስከ ግማሽ ዋጋ ነው። አንዱ ቬስት 1,000 ዶላር ቢሆንና 12 ብትገዙ ጠቅላላው 12,000 ይሆናል፤ ቢበዛ 6,000 ይመለስላችኋል። ይመለስላችኋል ማለቴን ልብ በሉ። ገንዘቡ አስቀድሞ አይላክም። ከተማው 12,000ውን ሙሉ ከራሱ በጀት ከፍሎ ቬስቱን ከተረከበ በኋላ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ፊት ስትቀርቡ 6,000 ብቻ አስፈቅዳችሁ አትመለሱ፤ ለሻጩ የሚከፈለው 12,000 ነው።

ከ100,000 በታች ነዋሪ ያላቸው ከተሞችና ካውንቲዎች ቅድሚያ አላቸው። የዓመቱ ገንዘብ መጀመሪያ ለእነሱ ይደለደላል፤ ትልልቆቹ ከተሞች የሚደርሳቸው የተረፈው ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ የምትሠሩ “ኒውዮርክና ቺካጎ ባሉበት ለእኛ ምን ይደርሰናል” ብላችሁ ከሆነ የተዋችሁት፣ ነገሩ በተቃራኒው ነው።

የቀረውን ግማሽ ከሌላ የፌዴራል ገንዘብ መሸፈን አይቻልም። በተለይ ጃግ ከሚባለው የፍትሕ መሥሪያ ቤት ግራንት ወስዶ የቢቪፒን ሌላ ግማሽ መሙላት በግልጽ የተከለከለ ነው። የነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች ግን ኮንግረስ ለሕግ ማስከበር ሥራቸው የመደበላቸውን ገንዘብ ለራሳቸው ድርሻ እንዲያውሉት ሕጉ ፈቅዶላቸዋል። የገንዘብ ችግር ያለበት ከተማ ከግማሽ በላይ እንዲሸፈንለት መጠየቅ ይችላል፤ ችግሩን ግን በሰነድ ማሳየት አለበት።

ቁጥሩን ስትሞሉ የፖሊሶቹን ጠቅላላ ብዛት አትገልብጡ። አንድ ፖሊስ በአንድ የመተኪያ ዘመን አንድ ቬስት ነው የሚፈቀድለት፤ የመተኪያ ዘመኑም በአብዛኛው የአምራቹን ዋስትና ተከትሎ አምስት ዓመት ነው። እኔ የስም ዝርዝር ይዤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የቬስቱን የምርት ቀን እጽፋለሁ። በሚመጣው ዓመት ተኩል ጊዜው የሚያልፍበትና አዲስ የሚቀጠረው ተደምሮ የማመልከቻው ቁጥር ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ዓመት መግዛት የለመደ ጣቢያ ካላችሁ ቀስ በቀስ ወደ አምስት ዓመት ከፋፍሉት፤ አለበለዚያ በየአምስት ዓመቱ በጀቱ ላይ ድንጋይ ይወድቃል።

ዋጋውን ስትገምቱ ታክስ፣ ማጓጓዣና የልኬት ክፍያ ካለ አብራችሁ አስሉት። የራስ ቁር፣ ጋሻና ጓንት ግን እዚህ ውስጥ አይገቡም። ቢቪፒ ለቬስት ብቻ ነው።

ቬስቱን መምረጥ

የሻጭ ካታሎግ ከማየታችሁ በፊት የኤንአይጄን ዝርዝር ክፈቱ። ኤንአይጄ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የምርምር ተቋም ነው፤ ፈተናውን ያለፉ ሞዴሎችን ስም ያወጣል። የምታዙት ሞዴል ባዘዛችሁበት ቀን ዝርዝሩ ላይ መኖር አለበት። ገጹን በዚያው ዕለት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ከግዢ ትዕዛዙ ጋር አያይዙት፤ ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ዝርዝሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና።

ዝርዝሩ ለይስሙላ አይደለም። በ2003 ፎረስት ሂልስ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ፖሊስ ሊያስቆመው የሚገባውን ጥይት ያሳለፈ ቬስት ለብሶ ቆሰለ። ቬስቱ ዛይሎን ከተባለ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነበር። ምርመራው ክሩ በሙቀትና በእርጥበት እየደከመ እንደሚሄድ አሳየ፤ በ2005 ኤንአይጄ ዛይሎን ላላቸው ቬስቶች የሰጠውን ዕውቅና አነሳ።

ስለ ደረጃዎቹ ባጭሩ፦ በቀድሞው መለኪያ ሁለት ኤ፣ ሁለት፣ ሦስት ኤ፣ ሦስት፣ አራት የሚባሉት ነበሩ። በኖቬምበር 2023 የወጣው አዲሱ መለኪያ ሽጉጥ የሚያቆሙትን ኤችጂ 1 እና ኤችጂ 2፣ ጠመንጃ የሚያቆሙትን አርኤፍ 1፣ 2 እና 3 ይላቸዋል። ኤችጂ 2 የቀድሞው ሦስት ኤ አቻ ነው። የትኛው ደረጃ እንደሚያስፈልግ አዛዡ ይወስን፤ የሒሳብ ሠራተኛ እዚህ ውስጥ አይግባ። ከሻጩ ጋር ደረጃ ስትጠሩ ግን አሮጌውንና አዲሱን ስም አታደባልቁ።

ሌላው ልኬት ነው። ግራንቱ ቬስቱ ለእያንዳንዱ ፖሊስ ሰውነት የተገጠመ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ማለት የግድ በልክ የተሰፋ ማለት ሳይሆን ሰውየው ወይም ሴትየዋ ተለክተው ከዚያ ልኬት ጋር የሚሄደው ተመርጦ ገጥሞ መታየቱ ነው፤ አሠራሩን የሚገልጽ ኤኤስቲኤም ኢ3003 የሚባል መለኪያ አለ። የልኬት ወረቀቱን ከሻጩ ተቀበሉ። በተለይ ለሴት ፖሊሶች “መካከለኛ የወንድ ይበቃታል” የሚል ሻጭ ካያችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ጎኑ የሚከፈት ቬስት የተከፈተውን ቦታ ከጥይት አይከላከልም።

ማመልከቻውን በነፃ ሞልተን እንስጣችሁ የሚሉ ሻጮችም ይመጣሉ። እኔ አልወድም። ሕጋዊውን ቃል የሚሰጠው ከተማው ነው፤ የግዢ ውድድር ደንባችሁም አለ።

ከግዢው በኋላ

የሻጩ ሳጥን ሲደርስ መጋዘን አታስገቡት። መለያው ጽሑፍ ያለው ውጪ ባለው ጨርቅ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማቀፊያውን ከፍታችሁ ጥይት የሚያቆመውን የውስጥ ፓነል አውጡ። አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ ደረጃው፣ ተከታታይ ቁጥሩና የምርት ቀኑ እዚያ ተጽፏል። ከኢንቮይሱ ጋር አስተያዩት። ደረታዊውና ጀርባዊው ፓነል የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ሁለቱንም መዝግቡ። አንድ ሳጅን አብሮኝ ይቆምና እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ፖሊሱ ሲረከብ ይፈርማል።

ከዚያ በኋላ ቢቪፒ ሥርዓት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንዱ የተረከባችሁትን ቬስት መመዝገብ፣ ሌላው ክፍያ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ገንዘቡ ለምን እንዳልገባ ሲጠይቅ ይከርማል። ጥያቄው ከፍተኛ መጠን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በየግዢው ጠይቁ።

ገንዘቡ የሚቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን ማብቂያው በኦገስት 31 ነው። ለምሳሌ የ2022 ድልድል ያበቃው ኦገስት 31 ቀን 2024 ነው። ያልተጠየቀው ተመልሶ ይሄዳል። ቬስት ለመላክ ሳምንታት የሚወስድ አምራች ስላለ ጁላይ ላይ ማዘዝ ቁማር ነው። የአሮጌ ድልድል ቀሪ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ኢንቮይስ፣ የክፍያ ማስረጃ፣ የልኬት ወረቀት፣ የኤንአይጄ ገጽና ደንቡ በአንድ ፋይል ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጡ።

ቢቪፒ ለማይሸፍነው ደግሞ ሌሎች በሮች አሉ። በ1988 ኩዊንስ ውስጥ ምስክር ሲጠብቅ በተገደለው በኒውዮርኩ ፖሊስ ኤድዋርድ በርን ስም የተሰየመው ጃግ ለብዙ ዓይነት መሣሪያ ይውላል፤ በእሱ የጥይት መከላከያ ከገዛችሁ ግን ያው የማስገደጃ ደንብ ይጠየቃል፣ ዕቃውም አሜሪካ ውስጥ የተመረተ መሆን አለበት። ከ20,000 በታች ነዋሪ ያላቸው የገጠር ከተሞች የግብርና መሥሪያ ቤቱን የማኅበረሰብ አገልግሎት ግራንትና ብድር ይመልከቱ። ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው አላቸው፦ ኒው ጀርሲ ከትራፊክ ቅጣት ላይ በምትቆረጥ አንድ ዶላር ቬስት የሚተካ ፈንድ አላት፤ ቴክሳስ በ2016 ዳላስ ውስጥ አምስት ፖሊሶች ከተገደሉ በኋላ በ2017 ጠመንጃ ለሚያቆም ቬስት 25 ሚሊዮን ዶላር መድባለች።

አሮጌዎቹን ቬስቶች በተመለከተ፦ አዲሱ ሲሰጥ አሮጌው በዚያው ሰዓት ተፈርሞ ይመለስ፤ ቁጥሩም ከዝርዝሩ ይሰረዝ። ለጨረታ አታውጡት። አንዳንድ አምራቾች ተቀብለው ያጠፉታል፤ ትዕዛዙን ስትሰጡ ይህን በውሉ ውስጥ ጠይቁ፣ ያጠፉበትንም ማስረጃ በጽሑፍ ይላኩላችሁ።