ልማዱን ከጀበናው ጋር እሰሩት

ማንበብ፣ ቋንቋ መማር ወይም ስፖርት መሥራት ፈልጋችሁ «ጊዜ ሳገኝ» የምትሉ ከሆነ፣ አትድከሙ፤ ጊዜው አይገኝም። አዲሱን ነገር በየቀኑ ሳታስቡት ከምትሠሩት ነገር ጋር አያይዙት።

ማንበብን እንውሰድ። ጠዋት ቡና የምታፈሉ ከሆነ፣ ጀበናው ከተጣደ እስኪፈላ ድረስ እጃችሁ ሥራ ፈት ነው። ብዙዎቻችን ያንን ጊዜ ቲክቶክ ላይ ነው የምንጨርሰው። መጽሐፉን ማታውኑ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡት። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ተዉት። ጀበና ሲጣድ መጽሐፍ ይከፈታል፣ አለቀ። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ በዓመት ከ700 ገጽ በላይ ነው። ደስ ካላችሁ ቀጥሉ፣ ግን የነገው ግዴታ ያው ሁለት ገጽ ይሁን። ቡና የማትጠጡ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ አለላችሁ፤ እሱማ ከጀበናም ይረዝማል።

«በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚባለውን እርሱት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር። እንደ ሰዉና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ሊሄድ እንደሚችልም ገምተዋል። ደስ የሚለው፣ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ብዙም አላበላሸውም። እና እንግዳ መጥቶ ወይ መብራት ጠፍቶ ቢያመልጣችሁ፣ «በቃ ተበላሸ» ብላችሁ እስከ ሰኞ አትጠብቁ። በማግስቱ ቀጥሉ።