ሽቶን እንዴት መምረጥና በልኩ መቀባት ይቻላል?

ብዙ ሰው ሽቶ የሚገዛው ክዳኑን ከፍቶ አንዴ በማሽተት ነው። በዚያች ቅጽበት የሚሸተው መዓዛ ግን በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋው ክፍል ነው። እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት ቀላል መዓዛዎች ቀድመው ይተናሉ፤ የአበባና የቅመም መዓዛዎች ለጥቂት ሰዓታት ይከተላሉ፤ በመጨረሻ ሰንደል፣ ቫኒላ፣ ዕጣንና ምስክ ቆዳ ላይ ይቀራሉ። ከእርስዎ ጋር የሚውለው ይህ የመጨረሻው ስለሆነ፣ ምርጫውም በእርሱ ሊመዘን ይገባል።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ ሌላ ሽቶም ሆነ መዓዛ ያለው ቅባት አይቀቡ። መጀመሪያ በወረቀት ላይ አሽትተው የማይወዷቸውን ይለዩ፤ ከዚያም ከወደዷቸው ሁለቱን ብቻ፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ እጅዎ አንጓ ላይ ይርጩ። ከዚያ በላይ ቢሞክሩ አፍንጫ ስለሚደክም መለየት ያቅትዎታል። አንዳንድ ሻጮች በመካከል የቡና ፍሬ ያስሸትታሉ፤ ወጣ ብሎ ንጹሕ አየር መሳብም ያንኑ ያህል ይጠቅማል። ሻጩ ቢያግባባዎትም ሳይገዙ ይውጡና ከአራት ሰዓት ያህል በኋላ አንጓዎን ደግመው ያሽትቱ። የቆዳ ወዝና ሙቀት ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ በጓደኛዎ ላይ ያማረው ሽቶ በእርስዎ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቆዳዎ ከቀላ ወይም ካሳከከዎት ያንን ሽቶ ይተዉት።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሽቶውን የጥንካሬ ደረጃም ያንብቡ። ኦ ደ ቷሌት በግምት ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20 በመቶ የሽቶ ዘይት ሲኖረው፣ ፓርፋም ብቻ የሚባለው ከዚያ ይበልጣል፤ ኦ ደ ኮሎኝ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። ከዓረብ አገር የሚመጣው አልኮል አልባ የዘይት ሽቶ መዓዛው ብዙም ሳይርቅ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ፣ አንድ ጠብታ ይበቃዋል።

የሽቶ ዋና ጥበብ መጠኑ ላይ ነው። ከአገራችን ለረጅም ዘመን ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ሲላክ የኖረው፣ ጥርኝ ከተባለው እንስሳ የሚወጣው ዝባድ ሳይበረዝ ሲሸተት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሲሆን፣ በጣም ጥቂቱ ተበርዞ ሲገባ ግን ለሌሎቹ መዓዛዎች ሙቀትና ዕድሜ ይሰጣቸዋል። ለሚቀባውም ሰው ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ከኦ ደ ፓርፋም ሁለት ወይም ሦስት ርጭት ለአንድ ቀን ይበቃል።

ገላዎን ታጥበው ከደረቁ በኋላ ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ፤ ደረቅ ቆዳ ሽቶን አይዝም። ከዚያ ጠርሙሱን አንድ ስንዝር ያህል አርቀው በአንገት ሥር፣ በአንጓና በክርን ውስጠኛ ክፍል ላይ ይርጩና ሳያሹ እንዲደርቅ ይተዉት። ላብን በሽቶ ለመሸፈን መሞከር ሁለቱንም ሽታዎች ያበላሻል። በርጋሞት ከተባለው የሎሚ ዘመድ ፍሬ የሚወጣ ዘይት ያለበት ሽቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ሊያጠቁር ስለሚችል፣ ቀትር ላይ የሚወጡ ከሆነ በልብስ በሚሸፈን ቦታ ይቀቡት። ቀለም ያለው ሽቶ ነጭ ጥለት ልብስንና ነጠላን ያበላሻል፤ ስለዚህ ሽቶው ቆዳዎ ላይ ከደረቀ በኋላ ይልበሱ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽቶው ለእርስዎ የማይሸትዎት አፍንጫዎ ስለለመደው ነው፤ አጠገብዎ ላለው ሰው ግን አሁንም ይሸተዋል። ደግመው ከመርጨትዎ በፊት የሚቀርብዎትን ሰው ይጠይቁ። መስኮቱ በተዘጋ ታክሲ ውስጥና በሕክምና ቤት አስም ያለበት ሰው ሊኖር ስለሚችል፣ ወደዚያ ሲሄዱ አንድ ርጭት ይበቃል፤ ጨርሶ ቢተውም መልካም ነው።

ሽቶን ብርሃንና ሙቀት ስለሚያበላሹት በመስኮት ደፍም ሆነ በመታጠቢያ ቤት አያስቀምጡት፤ በካርቶኑ ውስጥ አድርገው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት። ቀለሙ ጠቁሮ ሽታው ወደ ኮምጣጤ ካዘነበለ ቆዳዎ ላይ አይቀቡት።