ስለ ማሽተት ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ሌሎቹን የሚወልደው ስህተት፣ ለእያንዳንዱ ሽታ በአፍንጫ ውስጥ አንድ የተለየ ተቀባይ (የሽታ ሞለኪውል ሲያርፍበት የሚቀሰቀስ ፕሮቲን) አለ ብሎ ማሰብ ነው። ሳይንቲስቶቹ ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል የማሽተት ተቀባዮችን ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አደረጉ፤ በ2004ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሰው ልጅ የሚሠሩ ተቀባዮች 400 ያህል ዓይነት ብቻ ሲሆኑ፣ ለይቶ የሚያውቃቸው ሽታዎች ግን ከዚህ እጅግ ይበዛሉ። ምክንያቱም አንዱ ሞለኪውል በርካታ ተቀባዮችን ይቀሰቅሳል፣ አንዱ ተቀባይም ለበርካታ ሞለኪውሎች ምላሽ ይሰጣል፤ አንጎል የሚያነበውም የትኞቹ በአንድነት እንደተቀሰቀሱና ምን ያህል እንደበረቱ ነው። ኢንዶል የተባለው ውህድ በጣም ጥቂት ሲሆን አበባ አበባ ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የዓይነ ምድር ሽታ ይሆናል። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚቀሰቅሰው ስብስብ ነው።

የሰው አፍንጫ ደካማ ነው የሚለው አባባል ሁለተኛው ስህተት ነው። ሐሳቡ የተስፋፋው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንጎል ቅርጽ ላይ ተመሥርቶ ከሰጠው ፍርድ ነው። ውሻ በብዙ ሽታዎች እንደሚበልጠን አይካድም፤ ሆኖም ከዝናብ በኋላ ከአፈር የሚነሣውን ጂኦስሚን ሰው ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ሆኖ ሳለ እንኳ ይለየዋል።

ሦስተኛው፣ ማሽተት የአፍንጫ ሥራ ብቻ ይመስላል። ወንዱ የሐር የእሳት እራት ሴቲቱ ወንዱን ለመሳብ የምትለቀውን ቦምቢኮል የተባለ ውህድ የሚይዘው በአንቴናው ነው። የነፍሳት ተቀባዮች የአሠራር መንገድም ከእኛ ይለያል፤ በእኛ ዘንድ መልእክቱ በፕሮቲኖች ሰንሰለት ሲተላለፍ፣ በእነርሱ ግን ተቀባዩ ራሱ ለአየኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ላላቸው አተሞች) የሚከፈት በር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማሽኑ ላይ ነው። ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ ሲባል እንደ እኛ የሚያሸት መሣሪያ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪዎቹ ፐርሶድና ዶድ ያቀረቡት ሐሳብ ግን ከዚህ የተቆጠበ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ለብዙ ጋዞች ምላሽ የሚሰጡ ጥቂት ሴንሰሮችን (ጋዝ መለኪያዎችን) ሰብስቦ የጋራ ምላሻቸውን ማንበብ ነው። በተለመደው የቲን ኦክሳይድ ሴንሰር ላይ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሴልሺየስ በጋለው ገጽ የተጣበቀው ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ይይዛል፤ እንደ አልኮል ያለ ተን ሲመጣ ከኦክስጅኑ ጋር ይዋሃድና ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፣ የሴንሰሩም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይቀንሳል። የሴንሰሮቹን የጋራ ምላሽ ከሽታው ስም ጋር የሚያዛምደው በምሳሌዎች ተምሮ ስለሆነ፣ መሣሪያው የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው፤ ያልተማረው ሽታ ሲቀርብለትም፣ አላውቅም እንዲል ካልተሠራ በቀር፣ ከሚያውቃቸው አንዱን ስም ይሰጠዋል። የአየር እርጥበትም ንባቡን ያዛባል፣ ሴንሰሩም እያደር ይለወጣል፤ የአፍንጫ የማሽተት ሕዋሳት ግን በየጊዜው በአዲስ ይተካሉ። ከሁሉ የከፋው በሙከራ አደራረግ ላይ የሚፈጸመው ነው፦ የታመሙት ሰዎች ትንፋሽ በአንድ ቀን፣ የጤነኞቹ በሌላ ቀን ከተለካ፣ መሣሪያው በሽታውን ሳይሆን የቀኖቹን ልዩነት ሊማር ይችላል፤ ውጤቱም በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ሆኖ ይታያል።

በመጨረሻም፣ ሽታ ከሌለ አደጋ የለም ማለት ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ምንም ሽታ የለውም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል፤ እንዲህ ባለ ስፍራ ሽታው በድንገት ቢጠፋ አየሩ ጠራ ብሎ መቆየት ሳይሆን ወዲያው መውጣት ይገባል።