ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ለሚበር ሰው፦ ርቀቱና ሰዓቱ እንዴት ይሰላል?

ደብረ ብርሃን ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ትኬት ፕሪንት ሊያስደርግ የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይለኛል። መድረሻውን ከመነሻው ላይ ቀንሶ መልስ ማግኘት አይቻልም፤ ሁለቱም የተጻፉት በየአገራቸው ሰዓት ነውና።

አንዲት እናት የልጃቸውን የዱባይ ትኬት ይዘው መጡ። መነሻ 22:45፣ መድረሻ 03:50 ይላል። «አምስት ሰዓት ሙሉ ሰማይ ላይ ልትቆይብኝ ነው?» አሉኝ። የለም እማማ፣ ዱባይ ከእኛ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከ5 ሰዓት ከ5 ደቂቃው ላይ 1 ሰዓት ሲነሳ 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው የሚቀረው። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በእኛ ከምሽቱ 4:45 ትነሳለች፣ ከሌሊቱ 8:50 ትደርሳለች» ብዬ ጻፍኩላቸው። ጅዳ ቢሆን ሰዓቱ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ቀጥታ መቀነስ ነው።

ትኬት ሳይቆርጡ ለመገመት ደግሞ ጉግል ማፕ ላይ ቦሌን ጫን አድርገው ይያዙና ርቀት መለኪያውን መርጠው እስከ መድረሻው ይሳቡት። ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። ጄት በሰዓት 850 ገደማ ስለሚሄድ ለ850 ያካፍሉት፤ 3 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መንደርደሪያው፣ መውጣት መውረዱና የመስመሩ መጠማዘዝ ስላለ እስከ 1 ሰዓት ይጨምሩበት።

መሄጃና መመለሻ እኩል ካልሆነ አይደንግጡ። ነፋስ አለ፤ የቦሌ ከፍታም አለ። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ለረጅም ጉዞ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሳት ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ረጅም በረራ ከቦሌ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ቀኑን ነው። ትኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ቀን ደግሞ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ሰኞ 01:30» ካለ እሁድ ሌሊት ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው። ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስላለበት እሁድ ማታ 4:30 ቦሌ በር ላይ መሆን አለብዎት። ሰኞ ማታ ቢሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ ውሏል።

መንገዱም ይታሰብ። ከእኛ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፎ ለገጣፎ ላይ መኪናው ይጨናነቃል። እኔ 4 ሰዓት ያዙ እላለሁ። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ የሚመጣ የጣርማበርን ጉም ይጨምርበት፤ ከመሐል ሜዳ የሚነሳ ደግሞ በዋዜማው አዲስ አበባ ይደር።

ኮምቦልቻ ለመሄድ ቦሌ መውረድ ግን አያዋጣም። በአየር ከቦሌ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ወደ ኋላ አዲስ አበባ ተጉዘው፣ ተፈትሸው፣ ጠብቀው እስኪበሩ ድረስ ከደብረ ብርሃን በጠዋት የተነሳው መኪና ከሚሴን ያልፋል።