ተኩሱ ለምን ሳተ? በየተራ የሚተኮስባቸው ጌሞች ችግርና መፍትሄ

ሮኬቱ ከጠላት ራስ በላይ አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ተራ ጉልበቱን ቀነሳችሁ፤ አንግሉንም ትንሽ ዝቅ አደረጋችሁ። አሁን ደግሞ አፍንጫችሁ ስር ያለው ጉብታ ላይ ፈነዳ። ሦስተኛው ተራ ሲደርስ ንፋሱ ዞሯል። ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ይገባችኋል።

እንዲህ ዓይነት ጌም የተጫወተ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ስኮርችድ ኧርዝም ሆነ በ1995 ትሎቹን ይዞ የመጣው ዎርምስ፣ ወይም ጃርቶች የሚዋጉበት ነጻው ሄጅዋርስ፣ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ በምን ያህል አንግል፣ በምን ያህል ጉልበት? እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ሄጅዋርስን ስለሆነ ቁልፎቹንና ቁጥሮቹን ከእሱ እወስዳለሁ። የአተኳኮሱ ነገር ግን ለሌሎቹም ይሰራል።

አንድ ነገር ላስቀድም። አብዛኛው ችግር የሚባባሰው በአንድ ተራ ሁለት ነገር ስለምንቀይር ነው። አንግሉንም ጉልበቱንም ከነካካችሁ፣ ቀጣዩ ተኩስ ቢስትም ቢመታም ለምን እንደሆነ አታውቁትም። አንዱን ያዙት፤ ሌላውን ብቻ ቀይሩ።

ችግር፦ አንዴ ይረዝምብኛል፣ አንዴ ያጥርብኛል

ምክንያቱ ጉልበትና ርቀት እኩል አለማደጋቸው ነው። ጉልበቱን እጥፍ ስታደርጉት ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የጉልበቱ መሙያ ግማሽ ላይ ሲደርስ የመተኮሻ ቁልፉን ከለቀቃችሁት፣ ተኩሱ በሙሉ ጉልበት ከሚደርስበት ሩቡን ብቻ ይሄዳል። "ትንሽ ልጨምር" ብላችሁ 10 በመቶ ስትጨምሩ ርቀቱ 21 በመቶ ይረዝማል። ጠላት ቅርብ ሲሆን ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ማዶ ላለው ግን ያቺ ትንሽ ጭማሪ ጠላትን አዝልላ ሌላ ኮረብታ ላይ ታሳርፋለች።

አንግል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እናንተና ጠላት እኩል ከፍታ ላይ ካላችሁና ንፋስ ከሌለ፣ ሩቅ የሚወስደው 45 ዲግሪ ነው። እዚያ አካባቢ አንድ ሁለት ዲግሪ ብትስቱ ርቀቱ ብዙም አይለወጥም። ከ45 በራቃችሁ ቁጥር ግን እያንዳንዷ ዲግሪ ትቆጠራለች። በአንድ ጉልበት የተተኮሱ 30 እና 60 ዲግሪ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። አንዱ ዝቅ ብሎ ይበራል፣ ሌላው ሰማይ ነክቶ ይመለሳል።

መፍትሄው አንግሉን 45 አካባቢ አስሮ ጉልበቱን ብቻ ማስተካከል ነው። ፖኬት ታንክስና ሼልሾክ ላይቭ ሁለቱንም በቁጥር ስለሚያሳዩ ሥራው ይቀላል፤ የመጨረሻውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ዎርምስና ሄጅዋርስ ላይ ግን ቁጥር የለም። ጉልበቱ የሚሞላው ስፔስን ተጭናችሁ በቆያችሁት ልክ ነው። ሙሉ ሲሆን ጣታችሁን ባታነሱም ራሱ ይተኩሳል። ስለዚህ በሆዳችሁ ቁጠሩ፤ ፈጠን ብላችሁ፣ ሁሌም በአንድ ፍጥነት። ሦስት ላይ ለቃችሁ ካጠረ፣ በሚቀጥለው ተራ አንግሉን ሳትነኩ አራት ልትሉ ስትሉ ልቀቁ። እጄ ይህን የለመደው አንድ ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ባዙቃ (ሮኬት መተኮሻውን) ብቻ ስተኩስ ከርሜ ነው። ያ ሳምንት አይቆጨኝም።

ጠላት ከናንተ በላይ ከሆነ ከ45 ከፍ በሉ። ታች ካለ ደግሞ ዝቅ።

ችግር፦ ልኩ ነበር፣ ንፋሱ ወሰደው

ሄጅዋርስ ላይ የንፋሱ ምልክት ስክሪኑ ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ነው። በየተራው ይቀየራል። ብዙ ሰው ምልክቱን የሚያየው ከሳተ በኋላ ነው። ተራችሁ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይናችሁ እዚያ ይሂድ፤ ከዚያ ጠላትን ፈልጉ።

ንፋሱን አይተውም የሚስቱ አሉ። እነሱ የሚረሱት ጊዜን ነው። ንፋስ ሮኬቱን የሚገፋው አየር ላይ እስካለ ድረስ ነው፤ የሚገፋበት ርቀት ደግሞ ከጊዜው ጋር እኩል አያድግም። አየር ላይ ሁለት እጥፍ የቆየ ሮኬት አራት እጥፍ ይገፋል። ቅድም ያልናቸውን 30 እና 60 ዲግሪ አስቡ። ንፋስ ከሌለ አንድ ቦታ ነው የሚወድቁት። ንፋስ ሲኖር ግን የ60ው የሚገፋው የ30ውን ሦስት እጥፍ ነው። ከፍ አድርጎ መተኮስ የሚወድ ሰው በንፋስ ቀን ሁሉ ነገር የሚበላሽበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ንፋሱ ሲበረታ፣ ፊት ለፊት የሚከልል ነገር ከሌለ ዝቅ አድርጋችሁ በሙሉ ጉልበት ተኩሱ። ሮኬቱ ቶሎ ይደርሳል፤ ንፋሱ የሚሰራበት ጊዜ ያጣል። የሚከልል ነገር ካለ ደግሞ መሣሪያ ቀይሩ። የእጅ ቦምብን ንፋስ አይነካውም። ሾትገንም ቀጥታ ነው የሚሄደው፤ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ያስተኩሳል።

ንፋስ የሚረዳበትም ጊዜ አለ። ጠላት እናንተ ባላችሁበት በኩል ቀጥ ያለ ግድግዳ ከልሎት፣ ከሥሩ ተለጥፎ ቆሟል እንበል። ተራ ተኩስ ወይ ግድግዳውን ይመታል፣ ወይ አልፎት ይሄዳል። ንፋሱ ወደናንተ የሚነፍስ ከሆነ ግን አንግሉን ከፍ አድርጉና ሮኬቱን ከግድግዳው አሻግሩት። ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደፊት መሄዱን ይተዋል። ለአፍታ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። ከዚያ ንፋሱ ወደ ኋላ እየሳበው ግድግዳው ጀርባ ይጥለዋል። ጌሙ ውስጥ ከዚህ ተኩስ በላይ የምወደው ነገር የለም።

ችግር፦ ቦምቡ ተመልሶ መጣብኝ

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስንጫወት የሆነውን ልንገራችሁ። የኔ የመጨረሻ ጃርት ቁልቁለት አናት ላይ ቆሟል፤ ከጀርባው ድንጋይ። የሱ ጃርት ከታች ነው። የቦምቡን ሰዓት 5 ላይ አድርጎ፣ ዝቅ አድርጎ በኃይል ወረወረው። ቦምቡ ከኔ ጃርት እግር ስር ነጠረ፣ ድንጋዩን መታ፣ ቁልቁለቱን እየተንከባለለ ተመለሰ። እሱ የኔን ጃርት እያየ ነበር። የራሱን አላንቀሳቀሰም። አጠገቡ ፈነዳበትና ወደ ውሃው ወረወረው።

እዚህ ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። ከ1 እስከ 5 ያሉትን የቁጥር ቁልፎች በመጫን ቦምቡ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ትወስናላችሁ። ዳገት ላይ ለቆመ ጠላት 5 ብዙ ነው፤ 2 ወይም 3 ይበቃል። ሁለተኛው አወራወሩ ነው። ዝቅ ብሎ የሚሄድ ቦምብ መሬት ሲነካ ገና ወደፊት የመሄድ ፍጥነት ስላለው ይነጥራል፣ ይንከባለላል። ከላይ የሚወርድ ቦምብ ወደ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት ትንሽ ስለሆነ እዚያው አካባቢ ይቀራል። ሦስተኛው፣ ከወረወራችሁ በኋላ ለመሸሽ የሚሰጣችሁን ጥቂት ሰከንድ አለመጠቀም ነው። ወርውራችሁ አትመልከቱ፤ ሩጡ። አጠገብ የፈነዳ ቦምብ እስከ 50 ጤና ይወስዳል። ጃርት ሲጀምር ያለው 100 ነው።

ወንድሜ በሚቀጥለው ጨዋታ ሰዓቱን ብቻ ወደ 3 ቀየረ። አወራወሩን አልነካም። ሰዓቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያወቀው ያኔ ነው፤ ቀጥሎ አወራወሩን ቀየረና መታኝ።

ችግር፦ ሰዓት እያለኝ ተራዬ ተቋረጠ

ይህ የጌሙ ብልሽት አይደለም። ተራው የደረሰው ጃርት ራሱ ከተጎዳ ተራው እዚያው ያበቃል። ከከፍታ መውደቅ ይጎዳል። ፈንጂ ይጎዳል። ብዙ ጀማሪ ጥሩ ቦታ ፍለጋ ሲዘል ትንሽ ይወድቅና ሳይተኩስ ይቀራል። ቁመቱን ካላመናችሁት አትዝለሉ፤ ፓራሹት ወይም ገመድ ተጠቀሙ። አለበለዚያ ካላችሁበት ተኩሱ።

በትክክል ሰዓቱ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ሄጅዋርስ ላይ የተለመደው ተራ 45 ሰከንድ ነው። ማሰብ ያለባችሁ በጠላት ተራ ጊዜ ነው። ማንን እንደምትመቱና በምን እንደምትመቱ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ንፋሱን ብቻ አስቀሩ። ከአዲስ ሰው ጋር ስትጫወቱ የጨዋታውን ክፍል (ሩም) የከፈተው ሰው ሰዓቱን ቢያስረዝምለት መልካም ነው። ሳይተኩስ ሦስት ተራ ያለፈው ሰው ጌሙን ይጠላዋል።

ችግር፦ ፊቴን ላዞር ብዬ ገደል ገባሁ

የቀስት ቁልፉ ፊት ብቻ ሳይሆን እግርም ያንቀሳቅሳል። የግራ ሺፍትን ይዛችሁ ቀስቱን ስትጫኑ ጃርቱ ሳይራመድ ይዞራል። ያንኑ ሺፍት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስታነጣጥሩም አንግሉ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ለሩቅ ተኩስ ያለ ሺፍት አላነጣጥርም።

ቁልፍ ጭራሽ የማይሰራ ከሆነ ኪቦርዱ ወደ ሌላ ቋንቋ ተቀይሮ እንደሆነ እዩ። የቻት መጻፊያው ተከፍቶ ከሆነም ፊደሎቹ እዚያ ነው የሚገቡት።

ችግር፦ በአንድ ተኩስ ሦስቱ ተመቱብኝ

ሰብስባችሁ ስላቆማችኋቸው ነው። ፍንዳታ ከመሃሉ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል፤ ስለዚህ ጥቂት እርምጃ መራራቅ ብዙ ያድናል። ከውሃ ዳርና ከሚፈነዳ በርሜል አጠገብም አታቁሟቸው። ጨዋታው ሲረዝም ከፍታ ያዙ፤ ሄጅዋርስ ላይ ሌላ ካልተባለ ከ15 ዙር በኋላ ውሃው በየተራው መውጣት ይጀምራል፣ የጃርቶቹም ጤና በ5 በ5 ይቀንሳል። ታች ተደብቆ የቆየ ቡድን ገና ብዙ ጤና እያለው ይሰምጣል።

ችግር፦ ከጓደኛዬ ጋር መገናኘት አልቻልንም

መጀመሪያ ቨርዥኑን እዩ። እሱ አፕዴት አድርጎ እናንተ ካላደረጋችሁ አብራችሁ አትጫወቱም። በጣም ብዙው ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሰው ግን መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይጠረጥራል።

አንድ ቤት ውስጥ በዋይፋይ ስትጫወቱ ካልተገናኛችሁ፣ አንዳችሁ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ትሆናላችሁ። እንዲህ ዓይነቱ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ አይፈቅድም። ሁለታችሁም ወደ ዋናው ግቡ። ከዚያ ክፍሉን የከፈተው ሰው ፋየርዎል (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ዘበኛ) ለጌሙ ፈቅዶ እንደሆነ ተመልከቱ። የሄጅዋርስ ፖርት፣ ማለትም ጌሙ በኔትወርክ የሚገናኝበት የበር ቁጥር፣ 46631 ነው።

በኢንተርኔት ከራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር ለመክፈት ራውተሩ ላይ ይህን ፖርት መክፈት ይጠይቃል። አገልግሎት ሰጪው አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ቤት የሚያካፍል ከሆነ ደግሞ ፖርት መክፈቱም አይረዳም። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሄጅዋርስ ዋና ሰርቨር ላይ ግቡና ክፍል ክፈቱ። ሁሉም መልእክት በእሱ በኩል ስለሚያልፍ ፖርት መክፈት አያስፈልጋችሁም።

ችግር፦ በኔ ስክሪን ሞቷል፣ በሱ ስክሪን ቆሟል

ይህ ያስፈራል፤ ማጭበርበርም ይመስላል፤ ጓደኛሞችም ይጣሉበታል። ምክንያቱ ሌላ ነው። በኢንተርኔቱ የሚያልፈው ስዕሉ አይደለም፤ ማን የትኛውን ቁልፍ መቼ እንደተጫነ ብቻ ነው። ሮኬቱ የት እንደሚወድቅ፣ መሬቱ ምን ያህል እንደሚቆፈር እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው ያሰላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፋይል ካላቸው መልሱ አንድ ይሆናል። አንዱ የተነካካ ማፕ ወይም የተቀየረ ስክሪፕት (የጌሙን ሕግ የሚለውጥ ፋይል) ካለው ግን አንድ ነጥብ የምታህል ልዩነት ትፈጠራለች። ከሦስት አራት ተራ በኋላ ሁለት የተለያየ ጨዋታ እየተጫወታችሁ ነው።

ጨዋታውን መሃል ላይ ማስተካከል አይቻልም። አቁሙት። ሁለታችሁም የጨመራችኋቸውን ማፖችና ስክሪፕቶች አውጡና ጌሙ ይዞት በመጣው ማፕ አንድ ጊዜ ሞክሩ። ከሰራ፣ ያወጣችሁትን አንድ በአንድ መልሱ፤ በአንዴ ሁለት አትመልሱ። ካልሰራ ሁለታችሁም ያንኑ ቨርዥን እንደ አዲስ ጫኑ።

ከጨዋታ በኋላ የምታስቀምጡት ዴሞም የሚሰራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ውስጡ ያለው የቁልፎቹ መዝገብ እንጂ ቪዲዮ አይደለም። ስለዚህ በሌላ ቨርዥን አይከፈትም። የምትወዱት ጨዋታ ካለ ከአፕዴቱ በፊት ክፈቱትና ስክሪኑን በቪዲዮ ቅዱት።